በባሕር እንስሳት ላይ በተገጠሙ ሴንሰሮች ውቅያኖስን ማጥናት

በባሕር እንስሳት ላይ በተገጠሙ ሴንሰሮች ውቅያኖስን ማጥናት ማለት በአቆስጣ፣ በዓሣ ነባሪ፣ በባሕር ኤሊ፣ በሻርክ ወይም በባሕር ወፍ አካል ላይ አነስተኛ የመለኪያ መሣሪያ በመግጠም፣ እንስሳው ለራሱ ጉዳይ ሲዋኝ፣ ሲጠልቅ ወይም ሲበር ስለሚያልፍበት ውሃና አየር መረጃ የመሰብሰብ ዘዴ ነው። መሣሪያው እንደ ዓይነቱ የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ግፊት ይለካል። እንስሳው አየር ለመሳብ ብቅ ሲል የተለካው ነገር በሳተላይት በኩል ወደ ተመራማሪዎች ይላካል።

ዘዴው መጀመሪያ የተፈጠረው ስለ እንስሳቱ ኑሮ ለማወቅ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ስለ ውቅያኖሱ ራሱ ከሚታወቅባቸው መደበኛ መንገዶች አንዱ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ደቡባዊ ውቅያኖስ ነው። ይህ ባሕር በብርድ ወራት በበረዶ ስለሚሸፈን ለመርከብ የማይበገር ነበር፤ ከበረዶው በታች በእነዚያ ወራት የሚሆነውም ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ይታወቅ ነበር። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«አቆስጣ» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ የሚታወቀው ከኦሪት ዘጸአት ነው፤ የማደሪያው ድንኳን መሸፈኛ ከተሠራባቸው ቁርበቶች መካከል የአቆስጣ ቁርበት ተጠቅሷል። በዕብራይስጡ ቃል የተጠራው እንስሳ ምን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚህ መጣጥፍ ቃሉ የሚያገለግለው ጥፍራም እግሩ ወደ መቅዘፊያነት ለተለወጠው፣ ጡት አጥቢና ሥጋ በል ለሆነው የባሕር እንስሳ ወገን ነው። ከወገኑ ትልቁ የዝሆን አቆስጣ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአውራው አፍንጫ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሲታይ አጭር ኩምቢ ይመስላል።

እንስሳት ለምን አስፈለጉ

ሳተላይት የባሕርን የገጽ ሙቀት፣ ከፍታና ቀለም ከሰማይ ይለካል። ነገር ግን ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ በጨዋማ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ከገጹ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲባል ሳተላይት ያበቃለታል። ከታች ያለውን ለማወቅ መለኪያውን እዚያው ማውረድ ግድ ነው።

ለዚህ ሲባል ለብዙ ዘመን ያገለገለው መርከብ ነው። መርከቡ ይቆማል፣ መሣሪያው በገመድ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ልኬቱ እጅግ ትክክለኛ ነው፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። በደቡባዊ ውቅያኖስ አንድን የምርምር መርከብ ለአንድ ቀን ማሠራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በዚያ ላይ መርከቦች ወደ አንታርክቲካ ዳርቻ የሚጠጉት በአብዛኛው በበጋ፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው።

ከ2000 አካባቢ ጀምሮ አርጎ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነገሩን በእጅጉ ለውጦታል። ወደ 4,000 የሚጠጉ የአርጎ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በዓለም ውቅያኖሶች ተበትነዋል፤ እያንዳንዱ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ እየለካ ይወጣል። ነገር ግን መሣሪያው የለካውን ለመላክ ወደ ገጽ መውጣት አለበት። ከላይ በረዶ ከተጋረደ አንቴናውን ማውጣት አይችልም፤ ጥልቀቱ ባነሰበት የአህጉር ዳርቻ ደግሞ መሬት ይነካል። ለአየር ንብረት ጥናት እጅግ የሚፈለገው ቦታ እንዲህ ሁለት ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው፤ በበረዶም በጥልቀት ማነስም።

የዝሆን አቆስጣ በበረዶው መካከል መተንፈሻ ክፍተት እየፈለገ የሚኖር፣ ምግቡን ከጥልቅ የሚያመጣ እንስሳ ነው። በባሕር ላይ ካለው ጊዜ 90 በመቶ ያህሉን የሚያሳልፈው ከውሃ በታች ነው። በቀን ወደ 60 ጊዜ ይጠልቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ሜትር ይወርዳል፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ተንፍሶ እንደገና ይመለሳል። ከ2,000 ሜትር በላይ የወረዱም ተመዝግበዋል። አርጎ በ10 ቀን አንድ ጊዜ የሚያደርገውን እሱ በየግማሽ ሰዓቱ ያደርገዋል።

ሌላም የተመቸ ነገር አለ። የዝሆን አቆስጣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በደቡቡ በጋ፣ ጠጉሩንና የላይኛውን ቆዳውን ለመለወጥ ወደ የብስ ይወጣል። ልውጡን ሲጨርስ ወደ ባሕር ገብቶ ለሰባትና ስምንት ወራት ይሰወራል፤ የሚመለሰው ለመራባት ነው። ይህ ረጅም ጉዞ ሙሉውን የብርድ ወቅት ይሸፍናል። የአንታርክቲካ የብርድ ወራት በእኛ አገር ክረምት ከሚሆንባቸው ወራት ጋር ይገጥማሉ፤ መርከቦች በሌሉበት በዚያ ጊዜ አቆስጣው እየለካ ነው።

መሣሪያው

በስፋት የሚሠራበትን መሣሪያ የሠራው በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የባሕር አጥቢዎች ምርምር ክፍል ነው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። በአንድ ጠንካራ አካል ውስጥ የግፊት፣ የሙቀትና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መለኪያዎች፣ ባትሪ፣ ትንሽ ኮምፒዩተርና የሬዲዮ ማስተላለፊያ ታሽገዋል። ከግፊቱ ጥልቀት ይታወቃል። ጨዋማነት በቀጥታ አይለካም፤ ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ከማስተላለፍ አቅሙ፣ ከሙቀቱና ከግፊቱ ተሰልቶ ይገኛል። ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከታወቁ የውሃው እፍጋት ይሰላል። የውቅያኖስ ውሃ የሚሰጥመውና የሚንሳፈፈው በእፍጋቱ ስለሆነ ተመራማሪ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ይህን ነው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጠጉሩን ለውጦ የጨረሰ አቆስጣ በባሕሩ ዳር ተኝቶ ሳለ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል። የራሱ ጠጉር በደንብ ከደረቀና ከጸዳ በኋላ መሣሪያው ኢፖክሲ በተባለው ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ቆዳው አይበሳም። ቦታው አናቱ ላይ የሆነበት ምክንያት አለ፤ እንስሳው ለመተንፈስ ብቅ ሲል መጀመሪያ ከውሃ የሚወጣው እሱ ነው፣ አንቴናውም ወደ ሰማይ ይቆማል። በሚቀጥለው ዓመት ጠጉሩ ሲረግፍ መሣሪያውም አብሮ ይረግፋል።

አስቸጋሪው ሥራ ማስተላለፉ ነው። መልእክቱን የሚቀበለው አርጎስ የተባለው የሳተላይት ሥርዓት በ1978 በፈረንሳይና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የተጀመረ ነው። ከላይ ከተጠቀሰው አርጎ ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያምታቱታል፤ አርጎ ተንሳፋፊ መሣሪያ ነው፣ አርጎስ ግን የሳተላይት መልእክተኛ ነው። አንድ የአርጎስ መልእክት ከ256 ቢት፣ ማለትም ከ32 ባይት አይበልጥም። በእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት አንድ የአማርኛ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ፣ 32 ባይት ማለት 16 ፊደል ብቻ ነው። አቆስጣው በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ከ800 ሜትር እስከ ገጽ ያለውን የሙቀትና የጨው ታሪክ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መላክ አለበት፤ በዚያችም ሰዓት ሳተላይት ከአናቱ በላይ እያለፈ መሆን ይኖርበታል።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እንስሳው ወደ ላይ ሲመለስ የተለካውን መስመር ይመረምርና የታጠፈባቸውን ጥልቀቶች ብቻ ይመርጣል፤ ከብዙ መቶ ልኬቶች 20 ገደማ ነጥቦች ይቀራሉ። በየብስ ያለው ተቀባይ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኝቶ መልኩን መልሶ ይሠራዋል። የጨው መለኪያው ልዩ እርማት ይፈልጋል፤ የሚሠራው በዙሪያው ባለ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሆነ የአቆስጣው ጭንቅላት ራሱ ልኬቱን ያዛባል። ከእርማት በኋላ ሙቀቱ ወደ 0.03 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ስሕተት ይታወቃል። በመርከብ ገመድ የሚወርደው መሣሪያ ከዚህ በአሥር እጥፍ ይበልጥ ትክክለኛ ነው። እንስሳው ወደዚያው ዳርቻ ተመልሶ መሣሪያው በእጅ ከተገኘ ደግሞ ያልተላከውም ዝርዝር መረጃ በሙሉ ከማስታወሻው ይገለበጣል።

ታሪክ

በ1940 ፐር ሾላንደር የተባለው ተመራማሪ በሐርፑን በተወጉ ዓሣ ነባሪዎች ላይ ቀላል የጥልቀት መለኪያ አስሮ የወረዱበትን መጠን መዝግቧል። የዘመናዊው ጥናት አባት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው አሜሪካዊው ጄራልድ ኩይማን ነው። ኩይማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንታርክቲካ በማክመርዶ የዌደል አቆስጣዎችን ሲያጠና ለመሣሪያው ልብ ያደረገው የወጥ ቤት ሰዓት ነበር፤ ምግብ እስኪበስል የሚሞላውን ዓይነት። ሰዓቱ በጥላሸት የተሸፈነ የመስተዋት ክብ ያዞራል፤ በግፊት የሚንቀሳቀስ መርፌ ደግሞ በጥላሸቱ ላይ ጥልቀቱን ይጭራል። የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ስለሆነ አቆስጣው ወደዚያው የበረዶ ቀዳዳ መመለስ ነበረበት፤ ኩይማን አካባቢውን የመረጠውም ሌላ መተንፈሻ የሌለበት ስለሆነ ነው።

በ1980ዎቹ ለብዙ ሳምንታት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተሠሩ፤ የዝሆን አቆስጣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የታወቀውም ያኔ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ሁሉ ስለ እንስሳው ነበር። ሙቀትና ጨዋማነት የተጨመሩት በኋላ ነው፤ ሐሳቡም የእንስሳውን የአደን ቦታ ለመረዳት እንጂ ባሕሩን ለመመርመር አልነበረም። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በስቫልባርድ ስቱርፍዮርድ በተባለው ቦታ የሚኖሩ ነጭ ዓሣ ነባሪዎች የሚበርደውን ባሕር የጨውና የሙቀት ሁኔታ እንደለኩ አሳየ። ወዲያው በደቡብ ጆርጂያ፣ በኬርጌለንና በማኳሪ ደሴቶች ባሉ የዝሆን አቆስጣዎች ላይ ሰፊ ሥራ ተጀመረ።

በ2008 የታተመው የዚያ ሥራ ውጤት ብዙዎችን አስገርሟል። በ2004 እና በ2005 አቆስጣዎቹ የላኩት መረጃ ከ60 ዲግሪ ደቡብ ወዲያ ያለውን የልኬት ብዛት በ9 እጥፍ፣ በረዶ በሸፈነው ክልል ውስጥ ያለውን ደግሞ በ30 እጥፍ አሳደገው። ከዚያ በዓለም አቀፉ የዋልታዎች ዓመት የብዙ አገሮች ተመራማሪዎች መረጃቸውን በአንድ የሚያኖሩበት ሜኦፕ የተባለ ፕሮጀክት ተመሠረተ፤ እዚያ የተሰበሰቡት ከታች እስከ ላይ የተለኩ መስመሮች ከ500,000 በላይ ሆነዋል።

የአንታርክቲካ የግርጌ ውሃ

የዚህ ዘዴ ጥቅም በጉልህ የሚታየው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የውቅያኖሶች ግርጌ ውሃ ከየት ይመጣል?

የባሕር ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ጨው ስላለበት ወደ ዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ አለበት። ሲረጋ ጨዉን ወደ በረዶው አያስገባም፣ ወደ ታች ይተፋዋል። ከአንታርክቲካ የብስ የሚወርደው ኃይለኛ ነፋስ አዲሱን በረዶ እየገፋ ወደ ባሕር ሲወስደው ዳርቻው ላይ ክፍት ውሃ ይቀራል፤ ይህ ክፍት ቦታ ፖሊኒያ ይባላል። ክፍቱ ውሃ ወዲያው እንደገና ይረጋል፣ ነፋሱም እንደገና ይገፋዋል። ፖሊኒያ ስለዚህ ቀንና ሌሊት በረዶ የሚያመርት፣ ጨውም ወደ ታች የሚያዘንብ ቦታ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ እየቀዘቀዘና እየጨመረ በሚሄደው ጨው እየከበደ ይሄድና በአህጉሩ ዳር ባለው ቁልቁለት ወደ ጥልቁ ይፈስሳል። ይህ የአንታርክቲካ የግርጌ ውሃ ይባላል፤ ከዓለም ውቅያኖስ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነውን ይሞላል፣ ለጥልቁ ባሕር ነዋሪዎችም ኦክስጅን ይወስዳል።

ለአሥርት ዓመታት የሚታወቁት የግርጌ ውሃ ምንጮች ሦስት ነበሩ፤ የዌደል ባሕር፣ የሮስ ባሕርና የአዴሊ ምድር ዳርቻ። በምሥራቅ አንታርክቲካ ግን ከእነዚህ ከሦስቱ የማይመስል አዲስ የግርጌ ውሃ ይገኝ ነበር። በሳተላይት ሲታይ በኬፕ ዳርንሊ አጠገብ ያለው ፖሊኒያ እጅግ ብዙ በረዶ ያመርታል፤ ታዲያ ከሥሩ ምን እንደሚሆን ማየት የቻለ አልነበረም።

በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ በካይ ኦሺማ የተመራው ቡድን ከባሕሩ ወለል ጋር የታሰሩ መለኪያዎችን በቁልቁለቱ ላይ አኖረ፤ እነሱም ከባድና ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድ መዘገቡ። የቀረው ይህ ውሃ በእርግጥ ከፖሊኒያው መነሣቱን ማሳየት ነበር። ይህን ያሳዩት በብርድ ወቅት ወደ ፖሊኒያው ገብተው ያደኑ የዝሆን አቆስጣዎች ናቸው፤ ጨዉ የበዛበት ከባድ ውሃ በቦታው ሲፈጠር በአናታቸው ላይ ያሉት መሣሪያዎች ለኩት። በ2013 በታተመው ጥናት ኬፕ ዳርንሊ አራተኛው ምንጭ ሆኖ ተመዘገበ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በጋይ ዊሊያምስ የተመራ ሌላ ጥናት በዚያው ጎረቤት ወዳለው የፕሪድዝ ወሽመጥ ተሻገረ። የአቆስጣዎቹ ልኬት እንዳሳየው በወሽመጡ ባሉ ፖሊኒያዎችም ከባድ ውሃ ይፈጠራል፤ ነገር ግን ከተንሳፋፊው የበረዶ ግግር ሥር የሚቀልጠው ጨው አልባ ውሃ እየገባ ያቀልለዋል። ውሃው ሲቀልል የመስጠም ኃይሉ ይቀንሳል። ግግሮቹ ወደፊት ይበልጥ ከቀለጡ የግርጌው ውሃ ምርት ሊዳከም ይችላል የሚለው ሥጋት፣ ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ ይነገር የነበረው፣ በዚህ መንገድ በልኬት ተደገፈ።

ሌሎች ግኝቶች

በምዕራብ አንታርክቲካ የአሙንድሰን ባሕር ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ የሚያሳስበው ከጥልቁ የሚመጣው ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ሲባል ከዜሮ በላይ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሁንና ከመርጊያው ነጥብ በሦስት ዲግሪ ስለሚበልጥ የፓይን አይላንድንና የትዌይትስን የበረዶ ግግር ከሥራቸው ያቀልጣል። የትዌይትስ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ከፍታ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳድጋል። በ2014 በ7 የዝሆን አቆስጣዎችና በ7 የዌደል አቆስጣዎች ላይ መሣሪያ ተገጥሞ የአካባቢው የብርድ ወራት ሁኔታ በሰፊው ተለካ፤ ከዚያ በፊት የነበረው መረጃ ከሞላ ጎደል የበጋ ብቻ ነበር።

ካርታንም አርመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አቆስጣ ከባሕሩ ወለል በታች ሊጠልቅ አይችልም። ካርታው 600 ሜትር ባለበት ቦታ እንስሳው 1,000 ሜትር ከወረደ የተሳሳተው ካርታው ነው። በምሥራቅ አንታርክቲካ በ265 አቆስጣዎች መረጃ ላይ በተሠራና በ2023 በታተመ ጥናት ከጥልቀቶቹ ሩብ ያህሉ ካርታው ከሚለው በታች ሆነው ተገኝተዋል። በቪንሰንስ ወሽመጥ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ የባሕር ውስጥ ሸለቆ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ በኋላ የአውስትራሊያው የምርምር መርከብ ኑዪና በድምፅ መለኪያ አረጋግጦታል። ሸለቆው ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ሙቁ ውሃ ወደ ግግሩ ሥር የሚገባበት በር ሊሆን ስለሚችል ግኝቱ ለካርታ ሠሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

አንዲት እንስሳም ብዙ ትናገራለች። ከኬርጌለን የተነሣች አንዲት የዝሆን አቆስጣ በሦስት ወር ውስጥ ከ4,800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ በቀን 80 ጊዜ ያህል ጠልቃለች። ልኬቶቿ እርስ በርስ እጅግ የተቀራረቡ ስለነበሩ ሊያ ሲገልማንና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ ድንበሮች ከጥልቁ ሙቀት ወደ ላይ እንደሚያወጡ ማሳየት ችለዋል። የአየር ንብረት ሞዴሎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን አያዩም።

ስለ እንስሳው ራሱ የተገኘውም ቀላል አይደለም። አቆስጣ አልፎ አልፎ መዋኘቱን ትቶ ዝም ብሎ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። የከሳው ይሰጥማል፤ ስብ ያገኘው በዝግታ ይወርዳል ወይም ወደ ላይ ይነሣል። ከዚህ ፍጥነት በመነሣት ተመራማሪዎች በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሆነው እንስሳው የትኛው ባሕር ላይ እንደወፈረ ያውቃሉ።

ከአቆስጣ ሌላ

በሰሜን ዋልታ አካባቢ በባፊን ወሽመጥ 14 ናርዋል ዓሣ ነባሪዎች ከ2005 እስከ 2007 በበረዶ ሥር እስከ 1,773 ሜትር እየጠለቁ ለክተዋል፤ የደቡባዊ ወሽመጡ ውሃ በብርድ ወራት መሞቁን አረጋግጠዋል። በሰሜን ፓስፊክ ከ2000 እስከ 2009 በተካሄደ ሰፊ ፕሮጀክት በ23 ዝርያዎች ላይ ከ4,000 በላይ መሣሪያዎች ተገጥመዋል፤ ቱና፣ ሻርክ፣ ኤሊና አልባትሮስ ነበሩባቸው። ዓሣ እንደ አቆስጣ ለመተንፈስ ስለማይወጣ በዓሣ ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በተወሰነለት ቀን ራሱን ፈትቶ ወደ ገጽ የሚንሳፈፍ ዓይነት ነው።

ወፎች የሚለኩት ነፋስን ነው። ወፉ የነፋስ መለኪያ አይሸከምም፤ ጂፒኤስ ብቻ ይበቃዋል። ነፋሱ ከኋላው ሲሆን ይፈጥናል፣ ከፊቱ ሲሆን ይዘገያል፤ በየአቅጣጫው የነበረውን ፍጥነት በማነጻጸር የነፋሱ ኃይልና አቅጣጫ ይሰላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2016 ይህን በአልባትሮስና በሌሎች የባሕር ወፎች አሳይተዋል።

ለምሥራቅ አፍሪካ ቅርብ የሆነው የኤሊዎቹ ሥራ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳተሙት፣ በአራፉራ ባሕር የሚኖሩ ጥቂት ኤሊዎች ከገጽ በታች የለኩት ሙቀት ወደ ትንበያ ሞዴል ሲገባ የአካባቢው የወቅት ትንበያ ተሻሽሏል። በሬዩንዮን ደሴትም ከዓሣ አጥማጆች መረብና መንጠቆ ተርፈው የታከሙ ኤሊዎች ወደ ባሕር ሲመለሱ መለኪያ ይዘው ነው፤ ዓላማው በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ዐውሎ ነፋስ የሚያነሣውን የውሃ ሙቀት ማወቅ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የሚዘንበው፣ በቦረና ሐጋያ በሶማሌ ደይር የሚባለው ዝናብ፣ የውቅያኖሱ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። በ2019 መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር።

ጉድለቶችና የእንስሳት ደኅንነት

እንስሳ አይታዘዝም። መርከብ በተሰመረለት መስመር ይሄዳል፤ አቆስጣ ግን ምግብ ወዳለበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ልኬቱ በአንዳንድ ቦታ ይከማቻል፣ በሌላው ይሳሳል። ከአካባቢው አማካይ ሲወጣ ይህ ካልታሰበበት ያሳስታል፤ ምግብ የሚበዛበት ውሃ ከሌላው የተለየ ውሃ ሊሆን ይችላልና። በአርጎስ የሚገኘው የቦታ ምልክትም በኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ እንስሳቱ ጠጉር በሚለውጡበት ጊዜ፣ መረጃው ይቋረጣል ወይም ይመነምናል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ እንስሳው ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። ግማሽ ኪሎ ለብዙ መቶ ኪሎ እንስሳ ኢምንት ነው፤ በዝሆን አቆስጣዎች ላይ ለዓመታት በተደረገ ክትትልም መሣሪያ የያዙት ካልያዙት ባነሰ ሁኔታ አልኖሩም። በትንንሽ እንስሳት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለበራሪ ወፎች ከሰውነት ክብደት 3 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚል ልማዳዊ ወሰን አለ፤ ነገር ግን ጉዳቱን ክብደት ብቻ አይወስነውም፣ የቅርጹ ውሃ መጎተትም አለ። ለዚህ የሚጠቀሰው ማስጠንቀቂያ ሴንሰር እንኳ የሌለው ተራ የብረት ቀለበት ነው። በክሮዜ ደሴቶች ባሉ ንጉሥ ፔንግዊኖች ክንፍ ላይ የሚታሰረው መለያ ቀለበት ለ10 ዓመት ተጠንቶ፣ ቀለበት ያላቸው 39 በመቶ ያነሱ ጫጩቶች እንዳሳደጉና በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም በ16 በመቶ እንደቀነሰ በ2011 ታውቋል። ቀለበቱ ለአሥርት ዓመታት ምንም እንደማያደርስ ሲታመን ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃም አብሮ ጥርጣሬ ውስጥ ገብቷል። የሚሰናከል እንስሳ የሚሰጠው ልኬት ስለ ጤነኛው አይናገርም።

በ2020 እንስሳትን የሚጠቀሙ የልኬት ሥራዎች አኒቦስ በሚል ስም የዓለም አቀፉ የውቅያኖስ ምልከታ ሥርዓት አካል ሆነው ታውቀዋል፤ ከመርከብና ከአርጎ ጎን ማለት ነው። ልኬቶቹ ወደ አየር ትንበያ ማዕከሎች የሚደርሱት በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ታርመው የሚቀመጡት ደግሞ በሜኦፕ መዝገብ ነው። መዝገቡ ክፍት ነው፤ ማንኛውም ተማሪ የአንዱን አቆስጣ ጉዞ መርጦ የእያንዳንዱን ጥልቀት ሙቀትና ጨዋማነት ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል።